የቆየ ተሽከርካሪ ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከመሙላት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። በተለይ በየካቲትና በመጋቢት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው እጅግ ይበልጣል። ከላንቴ፣ ከጫኖና ከሼሌ ሙዝ ጭነው ረጅም መንገድ ለሚጓዙ አሽከርካሪዎች፣ ሕሙማንንና ነፍሰ ጡሮችን ወደ ሆስፒታል ለሚያደርሱ ቤተሰቦች የመኪና ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ «ኤሲ» የሚባለው፣ ቅንጦት አይደለም።

ኤሲ በደጋውም ያገለግላል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። በዝናብና በጉም ጊዜ የመኪናው የፊት መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ይሸፈናል። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱን ስለሚያወጣ፣ ከማሞቂያው ጋር አብሮ ሲከፈት መስታወቱን በጥቂት ደቂቃ ያጠራል። በጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ መንገዱን አጥርቶ ማየት የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዞኑ ከሚሽከረከሩት ላንድክሩዘሮች፣ ሃይሉክሶች፣ ኮሮላዎችና አይሱዙዎች መካከል ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠሩ ናቸው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ካገደ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ይበልጥ ተገቢ ሆኗል። ይሁን እንጂ ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም አብዛኛው ባለንብረት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጋዝ ሙላልኝ»። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ገንዘብን ያባክናል፤ ኮምፕሬሰሩንም ያቃጥላል። ምክንያቱም የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሥርዓቱ ዝግ ነው። ጋዙ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ኤሲ እንዴት ይሠራል?

በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ የሚቀዘቅዘው ወደ ውጭ ወዝቶ የሚተነው ውኃ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የመኪና ኤሲም በዚሁ መርህ ይሠራል። ልዩነቱ የሚተነው ፈሳሽ ተመልሶ እየተሰበሰበ ደግሞ ደጋግሞ ማገልገሉ ነው።

ዋና ክፍሎቹ አምስት ናቸው። በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ይጨምቃል። ከራዲያተሩ ፊት የሚገኘው ኮንደንሰር የጋለውን ጋዝ በነፋስ አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ይለውጠዋል። ድራየሩ እርጥበትና ቆሻሻን ያስቀራል። ኤክስፓንሽን ቫልቩ ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ እየለካ ያሳልፋል። በዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ደግሞ ፈሳሹ የሚተንበትና የመኪናውን አየር የሚያቀዘቅዝበት ቦታ ነው። ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር ዘይት ኮምፕሬሰሩን ያለሰልሳል። ጋዝ ሲፈስ ዘይቱም አብሮ ይወጣል። በፍሳሽ የቆየ ኤሲ ኮምፕሬሰሩ የሚነክሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ጥንቃቄ

ጋዝ ያለበትን መስመር መፍታት ክልክል ነው። ሲያመልጥ ቆዳን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፤ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መኪና በሚጠገንበት ጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ሰውን ሊያፍን ይችላል። እሳት ወይም ብየዳ ሲነካው ደግሞ ወደ መርዛማ ጭስ ይለወጣል። ሞተር እየሠራ በሚደረግ ፍተሻ ጊዜ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ነጠላ፣ ጋቢና ረጅም እጅጌ ከቺንጋና ከፋን ይራቁ።

ባለንብረቱ ራሱ የሚያያቸው

ፍተሻ ወጪ ከሌለው ነገር ይጀመራል። የሚከተሉት ያለ ልዩ መሣሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ።

1. ኮንደንሰሩን ይመልከቱ። በጠጠር መንገድ የሚሄድ መኪና ኮንደንሰር በአቧራ፣ በጭቃና በነፍሳት ይደፈናል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ኃይል በሌለው ውኃ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እየገፉ ይጠቡት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃ ስስ ክንፎቹን ያጣምማል። በጀርባ የሚታዘል የመርጫ መሣሪያ ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም የተረጨበት መሆን የለበትም።

2. ቺንጋውን ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በጣት ሲጫኑት ከልክ በላይ የሚረግብ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያንጸባረቀ ከሆነ ኮምፕሬሰሩን በሙሉ ኃይል አያዞርም። ኤሲ ሲከፈት የሚሰማ ሲጢጥታም የዚሁ ምልክት ነው።

3. ፊውዝና ሪሌዩን ይመልከቱ። የተቃጠለ ፊውዝ በተመሳሳይ አምፔር ብቻ ይተካል። በድጋሚ ከተቃጠለ ሽቦ ተነካክቷል ማለት ነውና ወደ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሂዱ። በሽቦ ወይም በበለጠ አምፔር መተካት መኪና ያቃጥላል።

4. የካቢን ፊልትሮ ካለው አውጥተው ያራግፉ ወይም ይለውጡ። ብዙ አሮጌ ሞዴሎች ይህ ፊልትሮ ስለሌላቸው ኢቫፖሬተሩ ራሱ በአቧራና በቅጠል ይደፈናል።

5. የማሞቂያውን ውኃ መቆጣጠሪያ ያረጋግጡ። በአሮጌ መኪኖች ላይ የማሞቂያው ቫልቭ ገመድ ሲደርቅ ወይም ሲላቀቅ የሞተሩ ፍል ውኃ ሁልጊዜ ወደ ዳሽቦርዱ ይገባል። ያን ጊዜ ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል። ኤሲው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጋዝ የሚሞላባቸው መኪኖች አንዳንዶቹ በዚህ ችግር የተያዙ ናቸው።

ምልክቱ የሚናገረው

አየር ጭራሽ የማይወጣ ከሆነ ችግሩ ከጋዙ ጋር ግንኙነት የለውም። የማራገቢያው ፊውዝ፣ ሞተር ወይም ማብሪያ ይታይ። በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሬዚስተር ተቃጥሏል።

አየር እየወጣ ካልቀዘቀዘ ኮፈኑን ከፍተው ረዳትዎ ኤሲውን እንዲያበራ ያድርጉ። የኮምፕሬሰሩ ማግኔት ክላች «ቀጭ» ብሎ ይዞ የፊተኛው ሳህን ከፑሊው ጋር መዞር አለበት። ካልያዘ በክላቹ መሰኪያ ላይ በቴስተር ይለካ። 12 ቮልት ገደማ ደርሶት ካልያዘ ክላቹ ራሱ ተበላሽቷል ወይም በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ይህ ክፍተት በአብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ የግፊት ስዊች ወይም የጋዝ መጉደል ይጠረጠራል። የግፊት ስዊቹ ጋዝ ሲያንስ ክላቹን የሚያጠፋው ኮምፕሬሰሩን ለማዳን ነው። ስዊቹን በሽቦ አልፎ ክላቹን በግድ ማሠራት ኮምፕሬሰሩን ያለ ዘይት ማዞር ነው።

ክላቹ በየጥቂት ሰከንዱ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋዝ ጎድሏል።

መኪናው ሲሄድ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ኮንደንሰሩ ነፋስ አጥቷል። የኤሌክትሪክ ፋኑ፣ ወይም በሞተሩ ላይ የተገጠመው የፋን ክላች ይፈተሽ። በሲቀላ ገበያ አካባቢ እየቆሙ ሲሄዱ ሞቆ፣ ከከተማ ሲወጡ የሚቀዘቅዝ ኤሲ የዚህ ምሳሌ ነው።

ሲጀምር ቀዝቅዞ ከቆይታ በኋላ አየሩ እየቀነሰ የሚሞቅ፣ ጠፍቶ ጥቂት ሲያርፍ የሚመለስ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል፤ ወይም በመስመሩ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ እየረጋ ነው።

ከመኪናው ሥር ንጹሕ ውኃ መንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም፤ ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነው። ውኃው በተሳፋሪው እግር ሥር ከፈሰሰ ግን መውጫ ቱቦው ተደፍኗል፤ ከሥር በለስላሳ ሽቦ ይጠረግ።

በብዙ አሮጌ መኪኖች ድራየር ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለ። ኤሲው እየሠራ በመስኮቱ ውስጥ አረፋ በተከታታይ ከታየ ጋዝ ጎድሏል። ጥርት ብሎ መታየቱ ግን ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሙሉ ነው፣ ወይም ጭራሽ ባዶ ነው። ስለዚህ ቧንቧዎቹን በጥንቃቄ በእጅ ጀርባ ይንኩ። ቀጭኑ ትኩስ፣ ወፍራሙ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ኮምፕሬሰሩ እየጨመቀ አይደለም፤ ወይም ጋዝ የለም።

ፍሳሽን ማግኘት

የፍሳሽ ቀላሉ ምልክት ዘይት ነው። ዘይቱ ላይ አቧራ ስለሚለጠፍ፣ ቅባት ያለው ጥቁር ነጠብጣብ በመገጣጠሚያዎች፣ በጎማ ቱቦዎች ጫፍ፣ በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ዙሪያና በኮንደንሰሩ ላይ ይፈለግ። ጠጠር የመታው ኮንደንሰር በዞኑ የገጠር መንገዶች የሚጠበቅ ጉዳት ነው። በተጠረጠረው ቦታ ላይ በውኃ የተበጠበጠ ሳሙና ሲቀባ አረፋ እየነፋ ከወጣ ቀዳዳው ተገኘ። የጋዝ መሙያ ቫልቮቹንም አይርሱ። ክዳናቸው የጠፋ ከሆነ አቧራ ገብቶ ማፍሰስ ይጀምራሉ።

መስመሩ ባዶ ከሆነ ለፍተሻ የሚሞላው ደረቅ ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መንፊያ አየር ደግሞ እርጥበት ያስገባል። ሁለቱም መግባት የለባቸውም።

ጌጁ ምን ይላል?

አር-134ኤ በተባለው ጋዝ የሚሠራ መኪና ሞተሩ ከጠፋ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሁለቱም ጌጆች እኩል ያነባሉ። ንባቡም በአየሩ ሙቀት ይወሰናል። 30 ዲግሪ በሆነ ቀን በአርባ ምንጭ 100 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ የሚያነብ ጤነኛ መኪና፣ 15 ዲግሪ በሆነ ማለዳ በጨንቻ 60 ገደማ ብቻ ያነባል። ይህ ፍሳሽ አይደለም። በተቃራኒውም በቆመ መኪና ላይ የሚታይ ጥሩ ግፊት ጋዙ ሙሉ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ግማሽ የቀረውም ተመሳሳይ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ስለዚህ ንባቡ የሚወሰደው ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ያህል እየዞረ፣ ማራገቢያው በከፍተኛ ፍጥነት ሆኖ ነው። በሞቃት ቀን ዝቅተኛው ጌጅ ከ25 እስከ 45፣ ከፍተኛው ከ200 እስከ 250 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ቢያነብ መልካም ነው። ከዚህ ሲወጣ፦

ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ጎድሏል።

ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል፣ ኮንደንሰሩ ተደፍኗል፣ ፋኑ ደክሟል ወይም አየር ገብቷል።

ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ አልቋል።

ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ወርዶ ከፍተኛውም ዝቅ ካለ ድራየሩ ወይም ኤክስፓንሽን ቫልቩ ተዘግቷል።

የጥገናው ቅደም ተከተልና የከፍታ ጉዳይ

መስመር ከመከፈቱ በፊት የቀረው ጋዝ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ይወሰዳል። የተበላሸው ክፍል ሲለወጥ የተፈቱት ኦሪንጎች ሁሉ በአዲስ ይተካሉ። ድራየሩም ይለወጣል፤ መስመሩ ክፍት ሆኖ ከቆየ እርጥበት ጠጥቶ ያበቃለታልና። ኮምፕሬሰሩ ብረት ፈጭቶ ከሞተ ቱቦዎቹ ይታጠባሉ፤ ኤክስፓንሽን ቫልቩም ይለወጣል። ይህ ካልተደረገ የቀረው ብናኝ አዲሱን ኮምፕሬሰር ይገድለዋል።

ከዚያ አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይመጠጣል። ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ከተመለሰ ፍሳሹ አልተደፈነም፤ ወይም እርጥበት ቀርቷል።

በዚህ ቦታ ላይ በከፍታ አካባቢዎች ስሕተት ይፈጠራል። የመኪና መመሪያዎች ቫኪዩሙ ወደ 29 ወይም 30 ኢንች ሜርኩሪ እንዲደርስ ያዛሉ። ይህ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ከፍታ በጨመረ መጠን የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ሙሉ ቫኪዩም በአርባ ምንጭ 26 ኢንች ገደማ፣ በአዲስ አበባ ከ22 እስከ 23፣ በጨንቻ ከ21 እስከ 22 ሆኖ ይነበባል። መርፌው 26 ላይ ስለቆመ ፓምፑን ደካማ ነው ብሎ መጣል አያስፈልግም። በአርባ ምንጭ 29 የሚያነብ ጌጅ ካለ ደግሞ ዜሮው የተዛባ ነውና ይስተካከል።

ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው። መጠኑ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ በግራም ይገኛል። ሞተር እየሠራ ሲሞላ በዝቅተኛው መስመር ብቻ፣ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጋዝ መልክ ይግባ። ፈሳሽ ከገባ ኮምፕሬሰሩን ይሰብራል። የከፍተኛው መስመር ቫልቭ በዚህ ጊዜ ቢከፈት የኮምፕሬሰሩ ግፊት ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። «ትንሽ ይጨመርበት» የሚለው ልማድም ይቅር፤ ከልክ ያለፈ ጋዝ ቅዝቃዜን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች

እነዚህ በአብዛኛው አር-12 በተባለ ጋዝ እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጋዙ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ በታዳጊ አገሮች ጭምር እስከ እ.ኤ.አ. 2010 እንዲቆም ተደርጓል። የመኪናውን ዓይነት ለመለየት የመሙያ ቫልቮቹን ማየት ይበቃል። የአር-12 ጥርስ ያለውና በመጠምዘዝ የሚገጠም ሲሆን፣ የአር-134ኤ ጥርስ የሌለውና በመጫን የሚያያዝ ነው።

ወደ አር-134ኤ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን የቀድሞው ጋዝ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ከአዲሱ ጋዝ ጋር የሚስማማ ዘይት ገብቶ፣ ኦሪንጎችና ድራየር ተለውጠው ነው። የሚሞላው መጠን ከቀድሞው ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ይሆናል። መሙያዎቹም ተቀይረው ምን ጋዝና ዘይት እንደገባ በኮፈኑ ሥር ይጻፋል። ሁለቱን ጋዞች መቀላቀል ኤሲውንም፣ ቀጥሎ የሚጠግነውን ባለሙያ መሣሪያም ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ የማብሰያ ጋዝ በመኪና ኤሲ ውስጥ መግባት የለበትም። በእርግጥ ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ተሳፋሪው ከተቀመጠበት ክፍል ጋር የተገናኘ ስለሆነ ቢያፈስ፣ በአንድ የክብሪት እንጨት ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ መኪናው ከነተሳፋሪው ይቃጠላል።

ከጥገና በኋላ

ውጤቱን ለመመዘን ቴርሞሜትር በመካከለኛው የአየር መውጫ ውስጥ ይደረግ። መስኮት ተዘግቶ፣ የውስጡ አየር ተመልሶ እንዲዞር ተደርጎ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚወጣው አየር ከውጭው ቢያንስ 15 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ ሥራው ተሳክቷል። ይሁንና የመኪና ኤሲ ለእንስሳት ወይም ለሰው ክትባት መያዣ ሊሆን አይችልም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት ያለበት ክትባት በበረዶ መያዣው ሣጥን ውስጥ ብቻ ይጓጓዛል።

ኤሲ ሥራ ሲፈታም ይበላሻል። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ዘይት ካላገኘ ደርቆ ያፈሳል። ስለዚህ በክረምትም፣ በደጋም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማብራት ይመከራል።

ባለንብረቱ መኪናውን ከጋራዥ ከመረከቡ በፊት ለባለሙያው አራት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ከተደጋጋሚ ወጪ ይድናል። ፍሳሹ የት ነበር? ቫኪዩሙ ለስንት ደቂቃ ተያዘ? ስንት ግራም ጋዝ ገባ? ምን ዓይነት ዘይት፣ ምን ያህል ተጨመረ? ጥሩ ባለሙያ እነዚህን ያለ ችግር ይመልሳል። መልሶቹን ከቀኑ ጋር በማስታወሻ መጻፍም ይጠቅማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ችግር ቢገጥም ፍተሻው ከዚያ ይጀምራልና። ለመጀመሪያው ጥያቄ «ፍሳሽ አላገኘሁም፤ ጋዝ ብቻ ሞላሁ» የሚል መልስ ከተሰጠ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም።